ታብሌቱ ይጀምረዋል፤ ማን ይጨርሰዋል?

(በደብረ ብርሃን ለቢሮ ሠራተኞች፣ ለመምህራንና ለአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች የቀረበ ንግግር፤ ከጥቂት እርማት በቀር እንደተነገረ የተጻፈ።)

እንደምን አረፈዳችሁ፣ ወገኖቼ! ከኋላ ያላችሁ ትሰማላችሁ? ድምፁ ይደርሳል? መልካም። ከመሐል ሜዳና ከደነባ ሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ፣ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ወጥታችሁ የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሳችሁ፣ እዚሁ ከተማው ውስጥም ቢሮ ዘግታችሁ የመጣችሁ ሁሉ እንኳን ደኅና መጣችሁ። አባቶችና እናቶች ወደ ፊት ቅረቡ፤ ወጣቶቹ ቆመውም ይሰማሉ።

የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው። ለሥራ ታብሌት ገዝቼ ላፕቶፑን ልተወው ወይ? ጸሐፊዋም ትጠይቃለች፣ መምህሩም ይጠይቃል፣ የሱቅ ባለቤቱም ይጠይቃል። ሻጩ የሚመልሰው በዕቃው ጉልበት ነው፤ ራሙ ይህን ያህል፣ ካሜራው ያን ያህል ይላችኋል። እኔ ግን በሌላ በኩል ልምጣ። ሥራችሁ የት ነው የሚያልቀው? ልብ በሉ፤ የት ይጀመራል አላልኩም። ደብዳቤ ታብሌት ላይ መጀመር ቀላል ነው። ደብዳቤው የሚያልቀው ግን ማኅተም ሲያርፍበት ነው፤ ለማኅተም ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለወረቀት ፕሪንተር ያስፈልጋል። ፔሮሉ፣ የደመወዝ ዝርዝሩ ማለቴ ነው፣ የሚያልቀው ፋይናንስ ሲቀበለው ነው። የመምህሩ ዝግጅት የሚያልቀው ግድግዳው ላይ ሲታይ ነው። የታብሌት ወሰን መጀመሪያው ላይ አይታይም፤ የሚያደናቅፈው መጨረሻው ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ስትነካኩት ሁሉን ነገር እሺ የሚላችሁ ለዚህ ነው።

እናንተ የፈረስ አገር ሰዎች ናችሁ። ለሜዳው ፈረስ፣ ከአንኮበር ቁልቁል ለመውረድ በቅሎ እንደሚሻል ማንም አይነግራችሁም። ስለዚህ «የትኛው ይበልጣል?» የሚለውን ክርክር እንተወው።

ታብሌት ስል አንድሮይድንና አይፓድን ነው። ዊንዶውስ የሚጭን ታብሌት አለ፤ ሰርፌስ የሚባለው ዓይነት። እሱ ኪቦርዱ የሚነቀል ላፕቶፕ ነውና አብዛኛው የዛሬ ወቀሳዬ አይመለከተውም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ነው፣ ወይስ አርም? አርም ከሆነ ለአሮጌ ፕሪንተር የተጻፈ ድራይቨር፣ ማለትም ፕሪንተሩን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ አይቀበልም። ይህን ካወቃችሁ ይበቃል።

አንደኛው ነጥቤ ፊደል ነው።

ፊደልን ያስቀደምኩት የራሳችን ጉዳይ ስለሆነ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ የዕቃ ግምገማ ይህን አይነግራችሁም። ቢሮዎቻችን ውስጥ ላፕቶፕ ላይ የሚጻፈው አማርኛ ብዙውን ጊዜ ወይ በኒያላ ነው ወይ በፓወር ግዕዝ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በ1999 ዓ.ም. የመጣ የፊደል ዓይነት፣ ፎንት የሚሉት፣ ነው። አንድሮይድ ላይ ኒያላ የለም፤ በምትኩ ኖቶ የሚባል አለ። አይፓድ ደግሞ ከፋ የሚባል የራሱ አለው። ፋይሉን ታብሌት ላይ ስትከፍቱት ይነበባል። የሚያታልለውም መነበቡ ነው። የላፕቶፑና የታብሌቱ ፊደሎች ስፋት አንድ አይደለም፤ የመሥመሩ ቁመትም አንድ አይደለም። ስለዚህ ላፕቶፕ ላይ ልክ አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ ታብሌቱ ላይ አንድ ገጽ ከሦስት መሥመር ይሆናል። ወደ ሁለተኛው ገጽ የሚወርዱት ሦስት መሥመሮች የትኞቹ ናቸው? «ከሠላምታ ጋር»፣ የፊርማው ቦታና ግልባጩ! የትኛው ኃላፊ ነው ባዶ ገጽ ላይ የሚፈርመው? አይፈርምም፤ እሱም ልክ ነው።

እናስ ምን ይደረጋል? ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መሥመር መቀነስ ነው። ታብሌቱ ላይ አስጠግቶ አስጠግቶ አንድ ገጽ ያደርገዋል። ቢሮ ሲደርስ ላፕቶፑ በኒያላ ይከፍተውና ግርጌው ላይ ክፍት ቦታ ይተርፋል። አትልፉ። ገጹን አስተካክሎ የመጨረሻውን ቅርጽ መስጠት ያለበት ወረቀቱን የሚያትመው ማሽን ነው። ታብሌት ላይ ጽሑፉን ብቻ ጻፉ፤ የገጽ አቀማመጡን ላፕቶፕ ይጨርሰው። ላፕቶፕ ከሌለ ታብሌቱ ላይ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። ፒዲኤፍ ፊደሉን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ የትም ቢከፈት ቅርጹ አይለወጥም። ግን ከቀየራችሁ በኋላ ፒዲኤፉን ራሱን ከላይ እስከ ታች እዩት፤ ፊርማው የት እንዳረፈ ሳታዩ አትላኩ።

የቆየ ፋይል ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። ዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ፣ ዩኒኮድ፣ የግዕዝን ፊደል ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዓመት፣ መዝገብ ቤቶቻችን የጻፉት በድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች ነው። እነዚያ ፕሮግራሞች የላቲን ፊደልን ቦታ ተውሰው የአማርኛ ቅርጽ ያለብሱት ነበር። ፊደሉ የተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ አማርኛ ሆኖ ይታያል፤ ታብሌት ላይ ልብሱ ይወልቅና የላቲንና የምልክት ድብልቅልቅ ይቀራል። ያኔ ሰው «ቫይረስ በልቶታል» ብሎ ያጠፋዋል። አታጥፉት! ፋይሉ ምንም አልሆነም። ፊደሉ ያለበት ላፕቶፕ ላይ ክፈቱት፣ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፣ ከዚያ በኋላ ታብሌቱም ያነበዋል። መቀየሩ ግን የላፕቶፕ ሥራ ነው።

ስለ መተየብም አንድ ቃል ልጨምር። መስታወቱ ላይ በጂቦርድ ወይም በኪይማን አማርኛ መጻፍ ችግር የለውም። ችግሩ የሚመጣው የብሉቱዝ ኪቦርድ ስታገናኙ ነው። ብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች የተሠሩት ለጣት ነው፤ የውጭ ኪቦርድ ሲገናኝ ወደ ዳር ይወጣሉ። «ሰ» ልትሉ ብትነኩ የእንግሊዝኛው ኤስ ይወጣል። ሰው ታብሌት ይገዛል፣ ኪቦርድ ይገዛል፣ ቤቱ ገብቶ ነው የሚያውቀው። ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ አገናኙትና እነዚህን ጻፉ፦ ኳስ፣ ቋንቋ፣ ጐዳና፣ ኅዳር፣ ዓፄ። ነጠላ ሰረዙን፣ ድርብ ሰረዙን፣ አራት ነጥቡንም ሞክሩ። እነዚህ ከወጡ ሌላው ይወጣል።

ሁለተኛው ነጥቤ ኤክሴል ነው። የሒሳብ ሰዎች እጃችሁን አውጡ እስቲ? ኦ፣ ግማሹ ቤት ነው! እንግዲያ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

መጀመሪያ ስለ ኢንቹ። የማይክሮሶፍት ኤክሴልና ዎርድ ታብሌት ላይ በነፃ የሚያርሙት መስታወቱ እስከ 10.1 ኢንች ሲሆን ነው። ከዚያ ከበለጠ ፋይሉን ያሳይዎታል እንጂ ለማረም የሚከፈልበት የማይክሮሶፍት 365 ደንበኝነት ይጠይቃል። ሰው ለሥራ ይመቸኛል ብሎ 11 ኢንች ይገዛና «ለምን አልጽፍም አለኝ?» ይላል። ዕቃው አልተበላሸም፤ ደንቡ ነው። ደብልዩፒኤስን ወይም የጎግል ሺትስን መጠቀም ይቻላል፤ ግን የቢሮ ቅጽ በእነሱ ተከፍቶ ሲመለስ የሠንጠረዡ ስፋትና የተዋሐዱ ሴሎች ሊዛነፉ ይችላሉ። ዋናውን ቅጂ ሳትነኩ ቅጂውን ክፈቱ።

ቀጥሎ ማክሮ። ብዙ ቢሮ ውስጥ አንድ ጎበዝ ልጅ የሠራው ኤክሴል አለ፤ ቁልፍ ሲጫኑት የደመወዝ ማሳወቂያውን አንድ በአንድ የሚያወጣ፣ ወይም የብሩን ልክ በፊደል የሚጽፍ። ይህ የሚሠራው ቪቢኤ በሚባል ቋንቋ ነው። ታብሌት ላይ ያለው ኤክሴል፣ አንድሮይድም ይሁን አይፓድ፣ ቪቢኤ አያስኬድም። ፋይሉ ይከፈታል፣ ቁልፉም ይታያል፣ ብትነኩት ግን ዝም ነው። ብሩን በፊደል የሚጽፈው ሴል ሒሳቡ እንደገና ሲሰላ የስሕተት ምልክት ያወጣል። ቫውቸር ላይ «አሥራ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር» የሚለው ቦታ ስሕተት ከጻፈ ገንዘብ ያዡ ይከፍላል? ስለዚህ የፋይሉን ስም መጨረሻ እዩ፤ ኤክስኤልኤስኤም (.xlsm) ከሆነ ማክሮ፣ ያ በቪቢኤ የተጻፈው ትእዛዝ፣ አለበት ማለት ነው፤ የላፕቶፕ ፋይል ነው፤ ታብሌት ላይ ለማየት ብቻ ክፈቱት።

ፓወር ኩዌሪም እንዲሁ ታብሌት ላይ የለም። ከየቀበሌው የመጣ 20 ፋይል በአንድ ቁልፍ የሚያዋሕድላችሁ ሰንጠረዥ ካላችሁ፣ እሱም ላፕቶፕ ላይ ይቀራል። ዎርድ ላይ ደግሞ ሜይል መርጅ የለም። 120 የሠልጣኝ ስም ከኤክሴል ወስዶ 120 የምስክር ወረቀት የሚያወጣው ማለቴ ነው። ታብሌት ላይ 120 ጊዜ በእጅ ትቀይራላችሁ፤ በ87ኛው ላይ የአንዱን ስም ለሌላው ትሰጣላችሁ። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው። በወረዳ ፋይናንስ ያላችሁ፣ የመንግሥት በጀትና ወጪ የሚመዘገብበት አይቤክስ ታብሌት ላይ የሚጫን እንዳልሆነ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

እስቲ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። ሰኔ 30 ደርሷል፤ በጀቱ ሊዘጋ ነው። ፊቷ ያለው ፔሮል 12 ዓምድ አለው፦ ስም፣ መሠረታዊ ደመወዝ፣ አበል፣ ጠቅላላ ገቢ፣ የሥራ ግብር፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ ብድር፣ ቁጠባ፣ ሌላ ተቀናሽ፣ የተጣራ ተከፋይ፣ ፊርማ። በአሥር ኢንች መስታወት፣ በሚነበብ መጠን፣ ስድስት ሰባት ዓምድ ቢታያት ነው። የጣት ኪቦርዱ ሲወጣ ደግሞ የመስታወቱ የታችኛው ግማሽ ይሸፈናል። የተጣራውን ስታይ ስሙ ከዓይኗ ይወጣል። የስም ዓምዱን በፍሪዝ መቸከል ይረዳል፤ ይህን አድርጉ። ግን ጣት ከማውስ ጋር አንድ አይደለም። ገጹን ልትገፋ ስትል ሴሉን ትይዛለች፤ ቀመሩ ተጎትቶ ሌላ ቦታ ያርፋል፤ ድምሩም ድምፅ ሳያሰማ ይለወጣል። ይህ ነው የሚያስፈራኝ፤ ዕቃው አልሠራም ቢል እናውቀዋለን፤ ተሳስቶ ዝም ሲል ግን ማን ያውቃል? ታብሌት ላይ ሒሳብ የግድ ከሆነ ማውስ አገናኙ። አንድሮይድ ማውስ ከድሮ ይቀበላል፤ አይፓድም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ይቀበላል። ቀመር ያለባቸውን ሴሎች ደግሞ ላፕቶፕ ላይ ሳላችሁ ቆልፉ።

ሦስተኛው የፋይል ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ቴሌግራም አለ። ሳቃችሁ? ሁላችሁም ታውቁታላችሁ ማለት ነው!

ላፕቶፕ ላይ ፋይል አንድ ቤት አለው። ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል፤ ኤክሴልም ይከፍተዋል፣ ኢሜይልም ይልከዋል፣ ያው ፋይል ነው። ታብሌት ላይ እያንዳንዱ መተግበሪያ የራሱ አጥር አለው። ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ብዙ ጊዜ ይባዛል። ሪፖርት በቴሌግራም መጣላችሁ፤ ነካችሁት፣ ዎርድ ከፈተው፤ «ለማንበብ ብቻ» አላችሁና ቅጂ አስቀመጣችሁ። አረማችሁ፣ ደከማችሁ። ከዚያ ወደ ቴሌግራም ተመልሳችሁ ያንኑ የመጣውን ፋይል ፎርዋርድ አደረጋችሁ! ያረማችሁት ሌላ ቦታ ቁጭ ብሏል፤ ዞኑ የደረሰው ያልታረመው ነው። ስንት ሪፖርት እንዲህ ሄዷል?

መንገዱ ይኸውላችሁ። ፋይሉን ከቴሌግራም ውስጥ አትክፈቱት። ጎኑ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ መጀመሪያ ዳውንሎድስ ውስጥ አስቀምጡት። ወዲያው ስሙን ቀይሩ፤ «የሰኔ ሪፖርት የታረመ» በሉት። ከዚያ ከዎርድ ውስጥ ገብታችሁ ክፈቱት፣ አርሙት። ስትልኩ ፎርዋርድ አትበሉ፤ የወረቀት መያዣውን ምልክት ነክታችሁ በአዲሱ ስሙ ከዳውንሎድስ ላኩት። አራት እርምጃ ነው፤ ሳምንት ስትሠሩት እጃችሁ ይለምደዋል።

ፍላሽ? ኦቲጂ የሚባለው ማገናኛ ካላችሁ ታብሌት ፍላሽ ያነባል። ግን ፍላሹ በምን ቅርጸት እንደተዘጋጀ ይወስነዋል። ኤንቲኤፍኤስ የሆነውን ብዙ አንድሮይድ አይቀበለውም፤ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካላችሁ ያለው ሁሉ ጠፋ! እምቢ በሉት። ላፕቶፕ ላይ የውስጡን ገልብጣችሁ ፍላሹን በኤክስፋት አዘጋጁት፤ ሁለቱም ያነቡታል። ፋት32ም ይሠራል፤ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል ግን አይቀበልም። ለታብሌቱ ደግሞ የሚገባውን ምስጋና ልስጠው፤ ከኮፒ ቤት ወደ ኮፒ ቤት የሚዞረው የፍላሽ ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ ታብሌት ላይ አይነሣም። ይዞት ግን ይሻገራል።

አራተኛው ስለ ቀዳዳው ነው። ላፕቶፕ ሦስት አራት ቀዳዳ አለው፤ ታብሌት አንድ። ቻርጅ ከሰካችሁ ፍላሽ የለም፤ ፍላሽ ከሰካችሁ ቻርጅ የለም። ሀብ፣ አንዱን ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚያበዛው ማገናኛ፣ ሲገዙ ኃይል የሚያሳልፍ መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ ከዚህ በላይ አላቆያችሁም። ፕሪንተሩና ፕሮጀክተሩ ግን ጊዜ ይገባቸዋል።

ቢሮዎች ውስጥ የምናያቸው ፕሪንተሮች ብዙዎቹ በዩኤስቢ ብቻ የሚሠሩ ናቸው፤ ኤችፒ ሌዘርጄት 1020፣ ኤችፒ ፒ1102፣ ካነን ኤልቢፒ6030። እነዚህ ገጹን የሚሥልላቸው ኮምፒዩተሩ ነው፤ በራሳቸው ገጽ አያነቡም። ኮምፒዩተሩ ላይ የፋብሪካው ድራይቨር ካልተጫነ ምን እንደተላከላቸው አይገባቸውም። ታብሌት ደግሞ ያን ድራይቨር አይጭንም። ገመዱ በኦቲጂ ይገባል፣ መብራቱ ይበራል፣ ወረቀት ግን አይወጣም። አዲስ ፕሪንተር የምትገዙ ከሆነ የሞዴሉን ስም መጨረሻ እዩ። ፒ1102 እና ፒ1102ደብልዩ፣ ኤልቢፒ6030 እና ኤልቢፒ6030ደብልዩ መንትያ ናቸው፤ ደብልዩ ያለው ዋይፋይ አለው። ታብሌት በዋይፋይ ነው ማተም የሚችለው፤ አይፓድ ኤርፕሪንት የሚለውን ይፈልጋል፣ አንድሮይድ ሞፕሪያ የሚለውን ወይም የፋብሪካውን መተግበሪያ። ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ካላያችሁ ሱቁ ውስጥ አስሞክሩ። ኮፒ ቤት የምትሄዱ ደግሞ ዎርዱን አትላኩ፣ ፒዲኤፉን ላኩ፤ ምክንያቱን ፊደል ላይ ተነጋግረናል።

መምህራን፣ ፕሮጀክተሩ የእናንተ ነው። ዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ስላለው ብቻ ታብሌት ምስል ያወጣል ማለት አይደለም። ቀዳዳው ዲስፕሌይፖርት የሚባለውን ምልክት ማውጣት አለበት። ከሳምሰንግ ብንወስድ፣ የታብ ኤስ ተከታታይ ዋና ሞዴሎች ያወጣሉ፤ የታብ ኤ ተከታታይ አያወጣም። የማያወጣ ታብሌት ላይ የፈለጋችሁትን ዓይነት የኤችዲኤምአይ ማገናኛ ብትሰኩ ፕሮጀክተሩ «ሲግናል የለም» ይላል፤ እናንተም ማገናኛው ተበላሽቷል ብላችሁ ሌላ ትገዛላችሁ፤ ሁለተኛውም ያው ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ፕሮጀክተር ደግሞ የድሮው ሰማያዊ ባለ 15 እግር ቪጂኤ ብቻ ከሆነ ሌላ መቀየሪያ ይጨመራል። ትምህርቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሂዱና ሰክታችሁ እዩ።

እስካሁን ታብሌትን ወቀስኩት። አሁን ፍርዱን ላስተካክል፤ መብራት ላይ ታብሌት ያሸንፋል።

ቁጥር እናስላ። 7,040 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው ታብሌት የያዘው ጉልበት 27 ዋት ሰዓት ያህል ነው። 20,000 የሚል ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ በመቀያየር የሚባክነው ሲቀነስ 45 ያህል ይደርሳችኋል። ስለዚህ ያ ፓወር ባንክ ታብሌቱን አንድ ጊዜ ተኩል ይሞላዋል። ላፕቶፕ ግን 45 ወይም 65 ዋት ቻርጀር ይጠይቃል፤ 10 ወይም 18 ዋት የሚሰጥ ተራ ፓወር ባንክ ቢሰካበት አይቀበለውም። መብራት ጠፍቶ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ለመሥራት፣ ለማንበብ፣ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ታብሌትን የሚያህል የለም።

የአየሩን ነገር ግን አትርሱ። የእኛ ዞን ከ2,800 ሜትር በላይ ከሆነው ደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው። አይፓድ እንዲሠራበት የተወሰነለት ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ቆላ ላይ ጥቁሩን መስታወት ፀሐይ ላይ አንጋልላችሁ ስትሠሩ ታብሌቱ ደምቆ የነበረውን መስታወት ያደበዝዛል፤ ከባሰም የሙቀት ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ሥራ ያቆማል። ማራገቢያ የለውማ! ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ሽፋኑን አውልቁለት፤ በቀዝቃዛ ውኃ ጨርቅ አትጥረጉት። በደጋው ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ላይ መኪና ውስጥ ያደረ ታብሌት ወዲያው ቻርጅ ላይ አይሰካም፤ ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታች ሲሞላ ውስጡ ይጎዳል። ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይሙቅ።

መስክ ላይስ? መስክ የታብሌት አገር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ መረጃ በታብሌት እንደሚመዘግቡ ታውቃላችሁ። ኮቦና ኦዲኬ በሚባሉት መተግበሪያዎች የሚሞሉ መጠይቆችም ኔትወርክ በሌለበት ተሞልተው፣ ኔትወርክ ያለበት ሲደረስ ይላካሉ። ይህን በላፕቶፕ የሚሠራ ሰው በአንድ እጁ ላፕቶፕ፣ በአንድ እጁ ዱላ ይዞ ነው። ሆኖም ጂፒኤስ የምትፈልጉ ተጠንቀቁ። ሲም የማይቀበለው፣ ዋይፋይ ብቻ ያለው አይፓድ ጂፒኤስ የለውም፤ ሲም የሚቀበለው ነው ያለው። ያለውም ቢሆን ክፍት ሰማይ ሥር ከሦስት እስከ አሥር ሜትር ሊስት ይችላል። ትምህርት ቤቱ የት እንዳለ ካርታ ላይ ለማሳየት ይበቃል። 10 በ20 ሜትር የሆነ ቦታ ወሰን ለመለካት ግን ስሕተቱ የቦታውን ወርድ ያህል ሆነ እኮ! ጎረቤት ከጎረቤት ታጣላላችሁ። ለወሰን የቀያሽ መሣሪያ ነው።

የመጨረሻው ነጥቤ ዕቃው ሲሰበርና ሲረከብ ነው። ንብረት ክፍል የምትሠሩ፣ ይህ የእናንተ ነው።

የብዙ ላፕቶፖች ቦርድ ሲቃጠል ሃርድ ዲስኩ ይነቀልና ሌላ ላይ ይሰካል፤ ፋይሉ ይተርፋል። ራም ይጨመራል፣ ኪቦርድ ይቀየራል። የታብሌት ማከማቻ ቦርዱ ላይ የተበየደ፣ የተመሠጠረም ነው። ቦርዱ ከሞተ ፋይሉ አብሮ ሞተ። ስለዚህ ታብሌት ላይ የሚሠራ ሰው በየሳምንቱ ዓርብ ፋይሉን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ቢሮው ኮምፒዩተር መገልበጥ አለበት፤ ዳታ ካለ ደመና በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ።

ርክክቡ ደግሞ እንዲህ ነው። ሠራተኛው በግል የጎግል አካውንቱ የቢሮውን ታብሌት ይከፍታል። ሲዛወር ታብሌቱን ያስረክባል። ንብረት ክፍሉ ለአዲሱ ሰው ሊሰጥ ሲል የይለፍ ቃል አያውቅም፤ በጎኑ ባሉት ቁልፎች አስገድዶ ውስጡን ሁሉ ያጠፋዋል። ታብሌቱ ሲነሣ ምን ይላል? «በቀድሞው አካውንት ግባ»! ይህ ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ያለ የሌባ መከላከያ ነው፤ አይፓድም ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ የራሱ አለው። ሰውዬው ስልኩን ቀይሮ፣ የይለፍ ቃሉን ረስቶ ሌላ ዞን ሄዷል። የመንግሥት ንብረት መሳቢያ ውስጥ ሰሌዳ ሆኖ ቀረ። መከላከያው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፦ ሠራተኛው ክሊራንስ ከመፈረሙ በፊት፣ ንብረት ክፍሉ ፊት፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አካውንቱን ያውጣ፤ አይፓድ ከሆነ «ፋይንድ ማይ» የሚለውን ያጥፋ፤ ከዚያ እዚያው ሴቲንግ ውስጥ ሪሴት ያድርግ፤ ታብሌቱ ሲነሣ ማንንም ሳይጠይቅ እስከ መጨረሻው መከፈቱን ሁለቱም ይዩ። ከዚያ ይፈረም። በአስረካቢና ተረካቢ ቅጹ ላይ አንድ መሥመር ጨምሩ፤ «አካውንት ተወግዷል» የሚል።

ዋጋውን ስታስሉ የታብሌቱን ብቻ አትያዙ። ኪቦርድ ያለው ሽፋን፣ ማውስ፣ ሀብ፣ ኦቲጂ፣ የኤችዲኤምአይ ማገናኛ፣ ከ10.1 ኢንች ካለፈ የማይክሮሶፍቱ ደንበኝነት። ደምሩት፤ ከዚያ ያገለገለ ጥሩ ላፕቶፕ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ክብደቱም እንዲሁ ነው፤ ግማሽ ኪሎ የነበረው ታብሌት ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ኪቦርድ ሲታቀፍ ወደ ቀላል ላፕቶፕ ይጠጋል። ታብሌትና ላፕቶፕ ሁለቱንም መግዛት የማይችል፣ ሥራው ወረቀትና ሒሳብ የሆነ ሰው፣ በእኔ ግምት ላፕቶፑን ይግዛ። ሥራው መስክ፣ ንባብና ስብሰባ የሆነ ሰው ታብሌቱን ይግዛና ቢሮ ያለችውን አንዲት ኮምፒዩተር በተራ ይጠቀም።

ብዙ አወራሁ፤ ሻይ እየቀዘቀዘባችሁ ነው። ጥያቄ ከሻይ በኋላ። እዚያ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ዋይፋይ ያለው ፕሪንተር፣ ዋይፋይ የሌለው ፕሪንተር፣ ፕሮጀክተርና ሁለት ማገናኛ ተቀምጧል። ታብሌት ይዛችሁ የመጣችሁ፣ የቢሯችሁን አንድ እውነተኛ ደብዳቤ ክፈቱና በሁለቱም ለማተም ሞክሩ፤ ፊርማው የት ገጽ ላይ እንዳረፈም እዩ። ያልታተመላችሁ እኔን ጥሩኝ፤ እዚያው ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።